ባኞው ውስጥ መቆም ክልክል ነው

ሚልካ ቤቷ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምትለው «ግቡ» ነው። ቀጥላ የምትለው «መታጠቢያ ቤት ከሄዳችሁ ባኞውን አትንኩብኝ» ነው። ሳውዝ ሲ በምንለው ሰፈራችን ውስጥ እሷን የሚያውቅ ሁሉ በዚህ ይስቅባታል። እኔም ስቄባታለሁ፤ አፌ መቼ አርፎ ያውቃል። «የንጉሥ ዙፋን ነው እንዴ?» ብያታለሁ። ሚልካ በሌላው ነገር ሁሉ ትስቃለች፣ በባኞው ግን ቀልድ አታውቅም።

ሥራዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም መስፋት ነው። ሳሎኗ ግማሹ የስፌት መኪና፣ ግማሹ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ባሏ ታዲዮስ ታክሲ ይነዳል፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስል ሕንጻ ያለን እንዳይመስላችሁ፤ በሞያሌ በኩል መጥተን እዚህ ናይሮቢ የቀረን፣ እሑድ እሑድ ኪሊማኒ ሰፈር አዳራሽ የምንከራይ ሰዎች ነን። ታዲዮስ ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ «አይሆንም» የምትል ቃል ምላሱ ላይ አልተፈጠረችም። ለፓስተር ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።

ልጃቸው አንድ ናት፣ ምርቃት። ስትወለድ አየር አጥሯት ስለነበር እግሮቿና እጆቿ ግትር ናቸው፤ የምትንቀሳቀሰው በጋሪ ወንበር ነው። ጭንቅላቷ ግን ምላጭ ነው። ቃል ከአፏ የሚወጣው በትግል ስለሆነ፣ የሚቸኩል ሰው ሳትጨርስ ጥሏት ይሄዳል። እኛ ደግሞ ሁላችንም ቸኳዮች ነን። አሥራ አምስት ዓመት አልፏት፣ እንደ ሕፃን ጉንጯን ቆንጥጠን የምናልፍ ሞልተናል።

ማታ ማታ ጡንቻዎቿ ይኮማተራሉ። አንዴ ይዟት አይቻለሁ፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ጥርሷን ነክሳ ትንቀጠቀጣለች፣ እንባዋ ብቻ ይወርዳል። መድኃኒቱ ያደነዝዛታል እንጂ አያፍታታትም። የሚያፍታታት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተዘርግታ መቆየት። ሚልካ አንገቷን በአንድ እጇ ይዛ ታስተኛታለች፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፣ ጉልበቶቿ ይረግባሉ፣ ከዚያ ልጅቷ ማውራት ትጀምራለች። ቃሉ ሁሉ ያኔ ነው የሚመጣላት። ሻወር ሞክረውላት ነበር፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ ያስደነግጣትና ይብስባታል።

እንግዲህ ያ ባኞ እንደ ድሮው ከባድ ብረት አይደለም። እንደ ፕላስቲክ ካለ ነገር የተሠራ፣ ስስ፣ ሥሩ ባዶ የሆነ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ የተቀመጠ ነው። ሚልካ እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቀዋለች። ሽቦ አይነካውም፣ በረኪና አይቀርበውም፤ ለስላሳ ስፖንጅና የዕቃ ሳሙና ብቻ። ቤቱ የሞቀ ውሃ ቧንቧ ስለሌለው በጋዝ ታፈላለች፤ ግን መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይገባል፣ የፈላው በላዩ ቀስ ተብሎ ይጨመራል፤ ከእሳት የወረደ ውሃ ባዶ ባኞ ላይ ከፈሰሰ ወለሉ ይላላል ትላለች። የብረት ባልዲ ጠርዙ ላይ አይቀመጥም። እንዳያንሸራትት የምታነጥፈውን የጎማ ምንጣፍ እንኳን ሥሩ ረጥቦ እንዳይበላው በየማታው አንስታ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንም ሰው ባኞው ውስጥ አይቆምም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመሬት አልመጣም። ዓምና የታዲዮስ አክስት ለኤምባሲ ጉዳይ ከአገር ቤት መጥተው እነሱ ዘንድ አረፉ። እንግዳ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም አይደል፤ ሚልካ ጨርቅ ልትገዛ በወጣችበት የቤቱን ጋቢ ሁሉ ሰብስበው ባኞው ውስጥ ጨመሩ፣ የፈላ ውሃ ገለበጡበት፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና እንደ ወንዝ ዳር ይረግጡት ጀመር። ሚልካ ስትመለስ አክስት እየዘፈኑ ነበር። ወለሉ መሐል ላይ ተሰንጥቆ፣ ውሃው ከታች ያለው የቀመሪያ ወጥ ቤት ጣሪያ ላይ ደርሶ ነበር።

ቀመሪያ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ የአገራችን ሰው፣ እጇ የተዘረጋ ጎረቤት። ግን እሷም ሰው ናት፤ የጣሪያዋ ኖራ ድስቷ ውስጥ ወድቆ ዝም ልትል አትችልም። የሕንጻው ኤጀንት መጣ። ፉንዲ የሚሉት ጠጋኝ ተጠርቶ ስንጥቁን ከሥር በፋይበር ደፈነው፤ ሲጨርስ ለሚልካ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያልሽ፣ ማማ። ሰው የተኛበት ይችላል፤ ሰው የቆመበት አይችልም» አላት። ኤጀንቱም የራሱን ተናገረ፦ አንድ ጠብታ ታች ከደረሰ ባኞው ተነቅሎ ይጣላል፣ በቦታው ሻወር ይገባል፣ ክርክር የለም። ሚልካ ሌላ ባኞ ያለው ቤት በአቅማቸው ፈልጋ ፈልጋ አጥታለች። ስለዚህ ያ የተጠገነ ወለል ምርቃትንና የማታውን ሥቃይ የሚለይ አንድ ስስ ነገር ነበር። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ፓስተራችን ኢያሱ አያውቁም ነበር። ታዲዮስ ግን ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዚፕ ላስቀይር ሚልካ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ የውሃ ጥምቀት አለን። ሁልጊዜ የምንከራየው የሆቴል ዋና ገንዳ አለ፤ ጠዋት ደውለው ለጥገና አድርቀነዋል አሉ። ለሌላ ሳምንት እንዳይባል ከተጠማቂዎቹ አንዱ ጆኒ ማክሰኞ ከቤተሰቡ ጋር ጠቅልሎ ወደ አውስትራሊያ ይበራል። ፓስተር ልጁን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምረው ያሳደጉት ናቸው፣ ሳያጠምቁት እንዲሄድ አይፈልጉም። ለታዲዮስ ደወሉ። ታዲዮስ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «እኛ ቤት ባኞ አለ» አለ።

የሚልካ እግር የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ቆመ።

«ታዲ፣ ምን አልክ?»

«ሚልካዬ፣ የጌታ ሥራ ነው።»

«ምርቃትስ የማን ሥራ ናት?»

ታዲዮስ «ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ እኔ እቆጣጠራለሁ» እያለ ያጉተመትም ጀመር። እኔ በንዴት ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ ያውሱኝ የሚሉህ ድስት መሰለህ?» አልኩት። ሚልካ ግን በእጇ ተይ አለችኝ። ለቤተ ክርስቲያን የገባ ቃል እንዴት ይታጠፋል? ይህ የእኛ ሰዎች በሽታ ነው፤ ልባችን እንቢ እያለ አንገታችን ይነቀነቃል።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን እንዲህ ነው። ማንም አይቆምበትም። ሰው ከጠርዙ ላይ ተቀምጦ ተንሸራቶ ይገባል፣ ተቀምጦ ይጠመቃል፣ ተቀምጦ ይወጣል። ፓስተር ከውጭ ተንበርክከው ነው የሚያጠምቁት። ለፓስተር ራስህ ንገራቸው፣ ታዲ። አሁኑኑ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ። ልብ በሉ፣ «ነገርኳቸው» ሲል አልሰማሁትም።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ጢም አለ። ውሃ በሰፈሩ ስላልነበረ በእጅ ጋሪ በጀሪካን ተገዝቶ መጣ። ሚልካ ማንንም ሳታስጠጋ ራሷ ቀዳችው፤ ቀዝቃዛው በፊት፣ የፈላው ኋላ፣ እንደ ልማዷ። የጎማውን ምንጣፍ አነጠፈች። ከዚያ ባኞው ግርጌ ወለል ላይ ተቀመጠችና አልተነሳችም። እኔ ፎጣ አቀባይ ሆኜ በሩ ላይ ቆምኩ። ምርቃት በጋሪዋ ኮሪደሩ ላይ ነበረች፣ ከትከሻዬ ሥር አንገቷን አስግጋ ታያለች።

ስለ እሷ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ከጓደኞቿ ጋር የጥምቀቱን ትምህርት ጨርሳለች። ጓደኞቿ ሲጠመቁ ግን «የገንዳው ደረጃ ያስቸግራታል፤ እግዚአብሔር ልቧን ያያል፣ አትገደድም» ተባለ። አባትና እናቷም አሜን አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። እሷን የጠየቀ አልነበረም።

መጀመሪያ የገቡት ሁለት ሴቶች ናቸው። ቀላሎች ስለሆኑ ተንሸራተው ገቡ፣ ተጠመቁ፣ በእልልታ ወጡ። ፓስተር ከውጭ ተንበርክከው ስለነበር ታዲዮስ ነግሯቸዋል ብዬ ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ አንድ አባት ገቡ፤ ሲነሱ አንድ እግራቸውን ወለሉ ላይ ጫን አደረጉና ባኞው ሲጥ አለ። ሚልካ ብቻ ሳትሆን እኔም ሰማሁት። እሷ እጇን ከሥር ሰዳ ርብራቡን ዳበሰችና ደረቅ መሆኑን አይታ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

የመጨረሻው ጆኒ ነው። ጆኒ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው፤ ኮርኒስ በክንዱ ይነካል። ባኞው ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ጆሮው ጋ ደረሱ። ፓስተር ግንባሩንና ደረቱን ይዘው ወደ ኋላ ቢያስተኙት ጭንቅላቱ ሲገባ ደረቱ ይወጣል፣ ደረቱ ሲገባ ጉልበቱ ይወጣል።

«ሶሪ ፓስተር፣ አይ አም ቱ ቶል» አለ ልጁ፣ በሳቅና በእፍረት መካከል።

ሰው ሳቀ። ፓስተር ግን አልሳቁም። በእኛ ዘንድ ሰው ሙሉ በሙሉ ካልጠለቀ ተጠመቀ አይባልም፣ ልጁ ደግሞ ማክሰኞ ሂያጅ ነው። እንደገና ሞከሩ፣ እንቢ አለ። መዝሙሩ ደመቀ፣ ክፍሉ በእንፋሎት ታፈነ፣ ፓስተር ዓይናቸው እንባ ሞልቶ መጸለይ ጀመሩ። ከዚያ ሳይታሰብ ጫማቸውን አወለቁ።

«ፓስተር!» አለች ሚልካ። «ፓስተር፣ እባክዎን፣ አይቁሙበት!»

መዝሙሩ ዋጣት። ታዲዮስን ፈለግኩት፤ ከፓስተር ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አየ። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ፓስተር ኢያሱ ደንዳና ሰው ናቸው፣ ሁለቱንም እግራቸውን በጆኒ ጎን አስገብተው ቆሙና ትከሻውን ከላይ በሙሉ ክብደታቸው ተጫኑት። «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም!» ልጁ ሙሉ በሙሉ ጠለቀ።

ቀጭ አለ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፣ እልልታው ከላዩ ወጣበት። ጆኒ ተነሳ፣ ተቃቀፉ፣ ሰው ወደ ሳሎን እየዘመረ ወጣ። ፓስተር፣ ታዲዮስና እኔ ቀረን፤ ሚልካ እጇን ባኞው ሥር ከትታለች። ስታወጣው እስከ ክርኗ ረጥቦ ነበር።

እንዲያ ያለ ፊት ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ውሃውን ለማፍሰስ ወደ ውታፉ እጇን ዘረጋች። ቶሎ በቧንቧው ከወረደ ምናልባት ታች የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል፣ ምናልባት ቀመሪያ ገበያ ትሆናለች፣ ምናልባት ፉንዲው እንደገና ይደፍነዋል። ይህን ሁሉ ከፊቷ አነበብኩት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችው፣ ቀመሪያ ናት። ሳታነሳው ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቿ ውታፉን ያዙ።

«እኔስ?»

ከኋላዬ ነው የመጣው። ምርቃት ጋሪዋን እስከ ደፉ ገፍታ ደርሳለች።

ፓስተር ካልሲያቸውን እየጨመቁ ቀና አሉ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ… እግዚአብሔር ልብሽን ያያል።»

ምርቃት ቃሉን ከውስጧ ስትጎትተው አንገቷ ወደ ጎን ተጠማዘዘ። ማንም አልቸኮለም፤ መውጫው በእሷ ጋሪ ተዘግቷል። «የጆኒንም… ልቡን… ያያል» አለች።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ታዲዮስ ወደ ሚልካ ጎንበስ አለ። «ሚልካ፣ ልቀቂው፣ ውሃውን ልቀቂው። ታች እየወረደ ነው። ቀመሪያ ኤጀንቱን ትጠራዋለች። ጥምቀቱ ሌላ ጊዜ ይሆናል።»

«ሌላ ጊዜ… የት?» አለች ምርቃት።

እውነቷን ነው። ደረጃ ያለው ገንዳ እንደሆነ አይቀየርም። ይህ ባኞ ደግሞ ዛሬ ካለቀ አለቀ። ውሃው ሲጎድል በዓይን ይታይ ጀምሮ ነበር። ሚልካ ውታፉን እንደያዘች ልጇን አየቻት።

«መጠመቅ ትፈልጊያለሽ?»

«ጠይቀሽኝ… አታውቂም» አለች ልጅቷ። ቂም አልነበረበትም፣ እንዲሁ ነገረቻት። «አዎ፣ ማሚ።»

ሚልካ እጇን ከውታፉ ላይ አነሳች። «እትዬ አስካለ፣ እግሯን ያዙልኝ» አለችኝ።

ሁለታችን አነሳናት። በልብሷ እንዳለች ከጠርዙ አንሸራተን አስገባናት፣ ሚልካ አንገቷን ያዘች። የውጭው በር መደብደብ ጀመረ፤ ሳሎን ያለው ሰው መዝሙር ላይ ነው፣ የሚከፍት የለም። ፓስተር ተንበርክከው ነበር፣ ቃሉን በጥድፊያ ጀመሩት።

«አይቸኩሉ» አለቻቸው ሚልካ። «ለጆኒ እንዳልቸኮሉት።»

ፓስተር ቆም አሉ፣ ተነፈሱ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስሟን ሙሉ ጠርተው የምታምን እንደሆነ ጠየቋት፤ መልሷን እስክትጨርስ ጠበቋት። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። በሩ ይደበደባል፣ ውሃው ይወርዳል፣ እኔ ፎጣውን ነክሼ አለቅሳለሁ። «አም… ና… ለሁ» አለች። ከዚያ እናቷና ፓስተር አንድ ላይ አጠለቋት። ውሃው ገና ፊቷን ለመሸፈን ይበቃ ነበር።

ስትወጣ ማንም እልል አላለም። ሳቋን ግን ሰማን።

ታዲዮስ በሩን ከፈተ። ቀመሪያ ሻርፗ ረጥቦ፣ ዓይኗ ቀልቶ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። «ሚልካ! ወጥ ቤቴ…» አለችና ልጅቷን አይታ ቆመች።

«አውቃለሁ» አለች ሚልካ፣ እጇን ከልጇ አንገት ሳታነሳ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። ለኤጀንቱ ደውይለት፣ መብትሽ ነው። ልጄ ግን ከውሃው እስክትወጣ ጠብቂኝ።»

ቀመሪያ «እደውላለሁ» አለች። «መደወሌ አይቀርም፣ ሚልካ።» ከዚያ ወደ ታች ወረደች፤ ባልዲ ስትጎትት ከወለሉ ሥር ሰማናት።

ደወለች። ባኞው በሳምንቱ ተነቀለ፣ አሁን በቦታው ነጭ ሻወር አለ። ፓስተር ኢያሱ ለይቅርታ ሲመጡ ሚልካ ሻይ አቀረበችላቸው እንጂ እኔ ብሆን በር አልከፍትላቸውም ነበር። ታዲዮስ ባኞ ያለው ቤት ፍለጋ ናይሮቢን ያስሳል፣ እስካሁን አላገኘም። ማታ ማታ ሚልካ ፎጣ በሙቅ ውሃ እየነከረች የልጇን እግሮች ትጠቀልላለች። ትንሽ ይረዳል፣ ግን እንደ ባኞው አይሆንም። ምርቃት ጥርሷን የምትነክስባቸው ማታዎች ተመልሰዋል።

ባለፈው ፎጣ እየጨመቅኩላት አላስችል ብሎኝ ጠየቅኳት። «ያኔ ውታፉን ነቅለሽው ቢሆን ኖሮ ባኞው ምናልባት ይተርፍ ነበር እኮ። አይቆጭሽም?»

«ይቆጨኛል» አለች። «በየማታው ይቆጨኛል።» ፎጣውን ከእጄ ወሰደች። «ግን እትዬ አስካለ፣ ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርኩ የማስገባት። ያን ቀን እሷ ነች የገባችው።»